ከሺምላ ተነሥቶ በስፒቲ በኩል ማናሊ ለመድረስ፦ የሂማቻል ሂማላያ ዝርዝር የጉዞ መመሪያ

ሂማላያን መጎብኘት የሚመኝ ሰው ሐሳቡ በአብዛኛው ወደ ኔፓልና ወደ ኤቨረስት ይሄዳል። ይሁን እንጂ ድንኳን ተሸክሞ ለሳምንታት በእግር ሳይጓዝ፣ በባቡር፣ በአውቶቡስና በጂፕ ብቻ ጥቅጥቅ ካለ የተራራ ደን ተነሥቶ ዛፍ እስከማይበቅልበት ደረቅ ሸለቆ ድረስ መዝለቅ ለሚፈልግ መንገደኛ፣ በሰሜን ሕንድ የምትገኘው የሂማቻል ፕራዴሽ ግዛት እጅግ የተመቸች ናት። እንግሊዞች የሜዳማውን ሕንድ ሙቀት ሸሽተው የቆረቆሯት ሺምላ፣ በፖም እርሻዋ የታወቀችው ኪናውር፣ የቡድሂስት ገዳማት አገር የሆነው የስፒቲ ሸለቆ፣ እንዲሁም በቢያስ ወንዝ ዳር ያለችው ማናሊ በአንድ ዙር መንገድ የተያያዙ ናቸው። ዙሩን ሳይጣደፉ ለመጨረስ ከሁለት ሳምንት ያላነሰ ጊዜ መያዝ ያስፈልጋል። አሥር ቀን ብቻ ያለው ሰው ስፒቲን ለሌላ ጊዜ ትቶ ሺምላንና ኪናውርን ብቻ አጣጥሞ ቢመለስ ይሻለዋል።

በየትኛው አቅጣጫ መዞር እንደሚሻል

ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ጉዳይ ይህ ነው፤ የጉዞው ደኅንነት በአብዛኛው የተመሠረተው በዚህ ላይ ነውና። ወደ ስፒቲ የሚያስገቡ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከማናሊ ተነሥቶ የኩንዙምን የተራራ መተላለፊያ የሚያቋርጠው አጭር መንገድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሺምላ ተነሥቶ የሳትለጅን ወንዝ እየተከተለ በኪናውር በኩል የሚያልፈው ረጅም መንገድ ነው። ብዙ ሰዎች ጊዜ ለመቆጠብ ሲሉ በማናሊ በኩል ይገባሉ። እኔ አጥብቄ የምመክረው ግን በሺምላ ገብቶ በማናሊ መውጣትን ነው።

ምክንያቱ ከፍታ ነው። ማናሊ ከባሕር ጠለል በላይ 2,050 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ በጠዋት የተነሣ መንገደኛ በዚያው ቀን ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሆነው ኩንዙም፣ ማለትም ከራስ ዳሽን ጫፍ ጋር ወደሚቀራረብ ከፍታ ይወጣና ሌሊቱን 3,650 ሜትር ላይ ባለችው የስፒቲ ዋና ከተማ ካዛ ያድራል። ሰውነት እንዲህ ያለውን ዝላይ በአንድ ቀን አይለምደውም። በሺምላ በኩል የሚሄድ ግን መጀመሪያ 2,200 ሜትር ላይ፣ ቀጥሎ ካልፓ በ2,960 ሜትር፣ ከዚያ ታቦ በ3,280 ሜትር ገደማ እያደረ ካዛ ሲደርስ ሰውነቱ ቀጭኑን አየር ለምዶታል።

የአዲስ አበባ ነዋሪ በ2,400 ሜትር አካባቢ ስለሚኖር የሺምላ አየር ለእርሱ እንደ ቤቱ ነው። ይህ ጥቅም ግን ከ3,500 ሜትር በላይ ዋስትና አይሆንም፤ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ባላለችው ዴልሂ ለቀናት የቆየ ሰውም ከዚህ ልምድ ጥቂቱን ማጣት ይጀምራል። ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሺንግተን የሚነሣ መንገደኛ ከመጀመሪያውም ይህ ጥቅም ስለሌለው የሺምላንና የኪናውርን ቀናት ፈጽሞ ሊያሳጥር አይገባም።

ወቅቱን መምረጥ

ለኢትዮጵያውያን ትልቁ ወጥመድ የትምህርት ቤት ዕረፍት ነው። ሐምሌና ነሐሴ የእኛ ክረምት እንደሆኑ ሁሉ በሂማቻልም የሞንሱን ዝናብ የሚወርድባቸው ወራት ናቸው፤ ዝናቡ በሺምላ፣ ማናሊ ባለችበት በኩሉና በታችኛው ኪናውር ኃይለኛ የመሬት መንሸራተት ያስከትላል። በ2023 እ.ኤ.አ. የሞንሱን ወራት የወረደው ዝናብ በኩሉና በማናሊ አካባቢ አውራ ጎዳናዎችንና ድልድዮችን ጠርጎ ወስዷል፤ በሺምላም ቤቶች ተንደው ሰዎች ሞተዋል። ስፒቲ ራሱ ከተራሮቹ ጀርባ ስለሆነ ብዙ ዝናብ አያገኝም፤ ወደ እርሱ የሚያደርሱት መንገዶች ግን በዝናቡ ውስጥ ያልፋሉ።

ስለዚህ ከመስከረም አምስት ገደማ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ያለው ጊዜ ከሁሉ የተሻለ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ፖሙ ይለቀማል፣ የኩንዙም መንገድም ክፍት ነው። ሁለተኛው አማራጭ ሰኔ ሲሆን፣ በዚያ ወቅት የሕንድ አገር ጎብኚዎች ሙቀቱን ሸሽተው ስለሚወጡ ሺምላና ማናሊ ይጨናነቃሉ፤ የኩንዙም በረዶ ተጠርጎ መንገዱ የሚከፈትበት ቀንም ከዓመት ዓመት ይለያያል። ከጥቅምት ማብቂያ በኋላ መተላለፊያው በበረዶ ስለሚዘጋ ዙሩን መጨረስ አይቻልም።

ከመነሣት በፊት የሚጠናቀቁ ጉዳዮች

ቪዛውን የሕንድ መንግሥት ባዘጋጀው ይፋዊ የቪዛ ድረ ገጽ ወይም በሕንድ ኤምባሲ በኩል ብቻ ይጠይቁ፤ ይፋዊ የሚመስሉ ነገር ግን ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠይቁ የግል ድረ ገጾች ብዙ ናቸው። ከቪዛው እኩል ትኩረት የሚሻው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ሕንድ ኢትዮጵያን የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ትቆጥራለች፤ ክትባቱም ከመድረሻው ቀን ቢያንስ አሥር ቀናት አስቀድሞ መወሰድ አለበት። ካርዱን ያልያዘ ሰው እስከ ስድስት ቀን በለይቶ ማቆያ ሊቀመጥ ይችላል። ደንቡ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘውን ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ይዞ፣ አዲስ አበባ ቤተሰቡን ጠይቆ በቀጥታ ወደ ዴልሂ የሚበር ሰውም ካርዱን ይጠየቃል።

የጉዞ መድን ሲገዙ ውሉ ስለ ከፍታ የሚለውን ያንብቡ። አንዳንድ ውሎች ከተወሰነ ሜትር በላይ የደረሰ ሕመምን ወይም በሄሊኮፕተር የመወሰድ ወጪን አይሸፍኑም። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡ ተራራ ወዳዶችም የሳተላይት ስልክ ወይም በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ይዘው እንዳይገቡ አደራ እላለሁ፤ ሕንድ ውስጥ ያለ ፈቃድ እነዚህን ይዞ መገኘት ለእስር ያበቃል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ይዘው የመጡትን ዶላር ዴልሂ ወይም ሺምላ ላይ በሕጋዊ መንገድ ወደ ሩፒ ይቀይሩ። የኪናውር ዋና ከተማ ከሆነችው ከሬኮንግ ፒዮ በኋላ በካርድ እከፍላለሁ ብሎ መነሣት አይገባም። ካዛ ውስጥ የገንዘብ ማውጫ ማሽን ቢኖርም ኃይል ሲቋረጥ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ አይሠራም፤ ስለዚህ የስፒቲን ቀናት በሙሉ የሚሸፍን ጥሬ ገንዘብ በትናንሽ ኖቶች መያዝ ያስፈልጋል።

በሻንጣ ውስጥ ከሁሉ የሚቀድሙት ተደራርበው የሚለበሱ ልብሶች፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ የፀሐይ መነጽር፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ የከንፈር ቅባት፣ የእጅ ባትሪና ፓወር ባንክ ናቸው። ጋቢ ያለው ሰው ጋቢውን ይያዝ፤ በስፒቲ የእንግዳ ማረፊያዎች ሌሊቱ እጅግ ስለሚቀዘቅዝና ክፍሎቹ ስለማይሞቁ ከማንኛውም ውድ ልብስ የበለጠ ያገለግለዋል።

የከፍታ ሕመምን መከላከል

በዚህ ክፍል ላይ ረዘም ብዬ የምቆየው፣ በዚህ መንገድ ላይ ጤነኛ ወጣትን እንኳ በአጭር ጊዜ ሊገድል የሚችል ነገር በመሆኑ ነው። የአካል ጥንካሬ ወይም የስፖርት ልምድ ከከፍታ ሕመም አያድንም። ከሁሉ በላይ የሚያድነው በዝግታ መውጣት ነው። ተቀባይነት ያለው ሕግ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከተወጣ በኋላ የመኝታን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመርና በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ በአንድ ቦታ ሁለት ሌሊት ማደር ነው። ቀን ወደ ላይ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ግን ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ሰውነትን ያለማምዳል።

ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ከድካም ወይም ከእንቅልፍ እጦት ጋር ከመጣ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ብለው ይያዙት፤ በዚያ ቀን ከዚያ በላይ አይውጡ። በሽተኛው በቀጥታ መስመር መራመድ ካቃተው፣ ከተደናገረ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረውና ሳል ከያዘው ጉዳዩ ወደ አንጎል ወይም ወደ ሳንባ ተዛምቷል ማለት ስለሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ አለበት። ካዛ ውስጥ የመንግሥት ሆስፒታል አለ፤ ነገር ግን ዋናው መድኃኒት መውረዱ ነው።

አሴታዞላሚድ የተባለው መድኃኒት ሰውነት ከፍታን ቶሎ እንዲለምድ ይረዳል። ለመከላከያነት የሚታዘዘው የተለመደ መጠን 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ለሰልፋ መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ሐኪም ምክር ሊወስዱት አይገባም። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሁሉ ጉዞውን ከማሰቡ በፊት ሐኪሙን ያማክር። አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒን በመጀመሪያዎቹ የከፍታ ሌሊቶች ፈጽሞ አይወሰዱም።

ደረጃ አንድ፦ ከዴልሂ ወደ ሺምላ

ከዴልሂ በጠዋት በሚነሣው ፈጣን ባቡር በአራት ሰዓት ጉዞ ገደማ በተራራው ግርጌ ወዳለችው ካልካ ይደረሳል፤ ከዚያ በ1903 እ.ኤ.አ. ወደተከፈተው ጠባብ ሐዲድ ባቡር መሸጋገር ነው። ይህ መስመር 96 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ሐዲዱ 762 ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት አለው፤ ከመቶ በላይ ዋሻዎችንና ከስምንት መቶ በላይ ድልድዮችን እያቋረጠ ከ650 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ዩኔስኮ በ2008 እ.ኤ.አ. ከሕንድ የተራራ ባቡሮች ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ጉዞው አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በመኪና ቢሄዱ ቶሎ ይደርሳሉ፤ ነገር ግን ወደ ተራራው የሚገባበትን ይህን መንገድ መዝለል የጉዞውን ግማሽ ውበት መተው ነው። የሕንድ ምድር ባቡር የቲኬት ሽያጭ የሚጀምረው ከጉዞው ቀን 60 ቀናት አስቀድሞ በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያስይዙ።

ሺምላ ላይ ሁለት ሌሊት ይደሩ። ከተማዋ ከ1864 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንግሊዝ ሕንድ የበጋ ዋና ከተማ ነበረች። በ1888 የተጠናቀቀው የእንደራሴው ቤተ መንግሥት ዛሬ የከፍተኛ ጥናት ተቋም ሲሆን ለጎብኚ ክፍት ነው፤ የሕንድን የነፃነት ዕጣ የተመለከተው የ1945ቱ የሺምላ ጉባኤ የተካሄደውም በዚህ ነው። ዋናው የማል ጎዳና ለመኪና ዝግ በመሆኑና ከተማዋ በገደል ጠርዝ ላይ ስለተሠራች፣ ማረፊያ ሲመርጡ ከመኪና መውረጃው ምን ያህል ደረጃ እንደሚወጣ አስቀድመው ይጠይቁ። በጃኩ ኮረብታ ያሉት ዝንጀሮዎች መነጽርና የእጅ ቦርሳ ስለሚነጥቁ ሁለቱንም ደብቆ መውጣት ይገባል።

በቻይና ድንበር አቅራቢያ በሚያልፈው በሬኮንግ ፒዮና በካዛ መካከል ባለው መንገድ ለመጓዝ የውጭ ዜጋ ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ በሺምላ፣ በሬኮንግ ፒዮና በካዛ የመንግሥት ቢሮዎች ይሰጣል። በዚህ መመሪያ አቅጣጫ የሚጓዝ ሰው ከሺምላ ወይም ከሬኮንግ ፒዮ ይወስዳል። የፓስፖርትና የቪዛ ቅጂ እንዲሁም ጉርድ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን ካገኙ በኋላ በየፍተሻ ኬላው ስለሚጠየቅ በርካታ ቅጂ ያሳትሙ። ቢሮዎቹ እሑድና በበዓላት ቀን ዝግ መሆናቸውን አስልተው ይነሡ።

ደረጃ ሁለት፦ ኪናውር

ከሺምላ ወደ ሬኮንግ ፒዮ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ከተቻለ መንገዱን ሳራሃን ላይ ማቋረጥ ይገባል፤ በዚያ የሚገኘው የቢማካሊ ቤተ መቅደስ ድንጋይና ጠርብ እንጨት በየረድፉ እየተፈራረቁ የተገነባ ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ታስቦ የዳበረ የአካባቢው የአናጺዎች ጥበብ ነው። ቀጥሎ የባስፓ ወንዝ የሚወርድበት የሳንግላ ሸለቆ አለ። ሳንግላ አድረው፣ በሸለቆው መጨረሻ 3,450 ሜትር ላይ ወደምትገኘው ቺትኩል ቀን ወጥተው ይመለሱ።

ካልፓ ግን ሁለት ሌሊት ይገባታል። ከመንደሯ ፊት ለፊት ከ6,000 ሜትር በላይ የሚዘልቀው የኪናውር ካይላሽ ይታያል፤ በመስከረምም የአትክልት ቦታዎቿ በፖም ይሞላሉ። ፖሙ የገበሬው የዓመት ገቢ ነውና ሳይፈቀድልዎ አይቁረጡ፤ ቢጠይቁ ብዙዎቹ ራሳቸው ይሰጡዎታል።

ደረጃ ሦስት፦ የስፒቲ ሸለቆ

ከሬኮንግ ፒዮ ወደ ካዛ የሚሄደው የመንግሥት አውቶቡስ በማለዳ ስለሚነሣ ቲኬቱን ከዋዜማው ያጣሩ። ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ግን ጂፕ መከራየት ይሻላል፤ በናኮ፣ በታቦና በዳንካር መቆም የሚቻለው በራስ መኪና ነውና። የስፒቲ ወንዝ ከሳትለጅ ጋር የሚገናኝበትን ካብ የተባለ ቦታ ካለፉ በኋላ ደኑ ያልቃል፤ የሚታየው ራቁቱን የቆመ ተራራና በወንዝ ዳር እንደ ጨርቅ ቁራጭ የተጣለ አረንጓዴ የገብስና የአተር ማሳ ብቻ ነው።

ታቦ ላይ አንድ ሌሊት ይደሩ። በ996 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ገዳም ከውጭ ሲያዩት ተራ የጭቃ ግንብ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ከሺህ ዓመት በፊት ከተሣሉ ሥዕሎችና ከግድግዳው ከወጡ የሸክላ ምስሎች ጋር ዛሬም መነኮሳት የሚጸልዩበት ነው። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ የእጅ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ በየመንገዱ ያሉትን ቾርተኖች (የቡድሂስት ቅዱስ ሐውልቶች) ሲያልፉም ሁልጊዜ በቀኝ እጅዎ በኩል እንዲሆኑ አድርገው ይዙሩ። ዳንካር ከስፒቲና ከፒን ወንዞች መገናኛ በላይ በተሸረሸረ ገደል ጫፍ ላይ ያለ የሸለቆው የቀድሞ ዋና ከተማ ነው።

ካዛ ላይ ከሦስት ሌሊት ያላነሰ ይቆዩ። የመጀመሪያውን ቀን ያርፉበት። በሁለተኛው ቀን የሸለቆው ትልቁ ገዳም ወደሆነው ወደ ኪ ገዳም እና ከእርሱ በላይ ወዳለችው ኪበር መንደር ይሂዱ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ላንግዛ፣ ሂኪምና ኮሚክ መንደሮች ይውጡ። ሂኪም 4,400 ሜትር ገደማ ላይ የሚሠራ ፖስታ ቤት አላት፤ ፖስት ካርድ ወደ አገር ቤት መላክ ይቻላል። ላንግዛ አካባቢ ሰዎች ከጥንት ባሕር የቀሩ የቅሪተ አካል ድንጋዮችን ይሸጣሉ፤ መሸጡም መግዛቱም በሕግ የተከለከለ ስለሆነ አይግዙ።

ስለ ምግብ፣ ለጿሚ ክርስቲያን ይህ አገር ከብዙ አገሮች ይመቻል፤ ሩዝ፣ የምስር ወጥ፣ ሮቲ የሚባለው ቂጣና ሞሞ የሚባለው አትክልት በሊጥ ተጠቅልሎ የሚበስል ምግብ በየስፍራው አለ። ሆኖም ሥጋ የሌለው ምግብ ሁሉ የጾም አይደለም። ጊ የሚባለው ቅቤ፣ ዳሂ የሚባለው እርጎና ፓኒር የሚባለው አይብ በብዙ ምግቦች ውስጥ ስለሚገቡ፣ እነዚህን ሦስት ስሞች ጠርቶ እንዳይጨመሩ ማሳሰብ ያስፈልጋል። ሻይም ከወተት ጋር ስለሚፈላ ካሊ ቻይ ብለው ይዘዙ።

ደረጃ አራት፦ ኩንዙምን ተሻግሮ ማናሊ

ከካዛ ወደ ማናሊ ያለው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሙሉ ቀን ይወስዳል። በተለይ ከባታል እስከ ግራምፉ ያለው ክፍል በድንጋይ የተሞላ ሲሆን፣ ከበረዶ ግግር የሚወርዱ ጅረቶች መንገዱን ያቋርጡታል። ፀሐይ በረዶውን ስታቀልጠው ከሰዓት በኋላ ውሃው ስለሚጨምር ከካዛ ጎሕ ሲቀድ መነሣት ግዴታ ነው። ሾፌር ሲመርጡ በዋጋ ብቻ አይመልከቱ፤ መንገዱን የሚያውቅ የስፒቲ ወይም የአጎራባቹ የላሁል ሸለቆ ሰው ይምረጡ።

ጨረቃ ሐይቅ የሚባለው ቻንድራታል 4,250 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዳርቻው መስፈር ስለማይፈቀድ ድንኳኖቹ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብለው ተተክለዋል። በሺምላ በኩል የመጣ ሰው እዚህ አንድ ሌሊት ሊያድር ይችላል፤ በማናሊ በኩል ለሚገባ ግን የመጀመሪያ ሌሊቱን እዚህ ማሳለፍ አደገኛ ነው፤ ስልክም ሆነ ሐኪም በቅርብ አይገኝም። ከዚያ በ2020 እ.ኤ.አ. በተከፈተው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የአታል ዋሻ በኩል ወደ ማናሊ ይወረዳል።

ማናሊ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ማረፍ ይገባል። በ1553 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሃዲምባ የእንጨት ቤተ መቅደስ የአርዘ ሊባኖስ ዘመድ በሆነው በዴዎዳር ደን ውስጥ ቆሟል፤ ከከተማው በላይ ባለችው ቫሺሽት ደግሞ ፍል ውሃ አለ። በዚያው በኩሉ ያለው የፓርቫቲ ሸለቆ መንደሮች ውብ ናቸው፤ ከእነርሱ አንዷ በሆነችው በካሶል አካባቢ ሐሺሽ በግልጽ የሚያቀርቡ ሰዎች ቢያጋጥሙ ግን ይራቋቸው፤ የሕንድ ሕግ በዚህ ላይ የውጭ ዜጋን አይምርም። ጉዞዎ ከኩሉ ዱሴራ በዓል ጋር ከገጠመ፣ ከመላው ሸለቆ የመንደር አማልክት ምስሎች በቃሬዛ ተጭነው ሲሰበሰቡ ለማየት አንድ ቀን ይጨምሩ፤ ማረፊያው ግን ከሳምንታት በፊት መያዝ አለበት።

ከማናሊ ወደ ዴልሂ የሌሊት አውቶቡስ ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይወስዳል። የመንሸራተት አደጋ መንገዱን ለአንድ ቀን ሊዘጋው ስለሚችል፣ በማናሊ የመጨረሻው ቀንና በአውሮፕላኑ መነሻ መካከል ቢያንስ ሁለት ቀናት ይተዉ።